ተዝካሬ በቪዲዮ ቤት

በ1992 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሞትኩ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቴ። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቀልድ አላውቅም። ቀልድ የሚያውቀው ጓደኛዬ ነበር፣ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጦር ሠራዊት ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ እንደምናገረው እጽፋለሁ፣ ያልጣመው ይዝለለው። የትውልድ ቀዬዬን ስም አልጽፍም፤ ጎጃም ነው፣ ይብቃችሁ። የራሴንም ስም አልጽፍም። መርካቶ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነው የሚሉኝ፣ እናንተም እንደዚያው በሉኝ።

ያኔ እህል በረንዳ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። የጤፍ ኩንታል ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና። ጫኝና አውራጅ ሁሉ አንድ ባዶ ጆንያ አጥፎ እንደ ቆብ ራሱ ላይ ይደፋል፣ አቧራው እንዳይገባበት። እኔ ግን ከጎጃም በኩል መኪና ሲገባ ጆንያውን እስከ ቅንድቤ እጎትተው ነበር። ሰዎቹ አቧራ የምጠላ ይመስላቸዋል። እኔ የምጠላው መታወቅን ነው።

የምኖረው ከደምሴ ጋር ነው። ደምሴ በአንድ ሻለቃ ውስጥ አብሮኝ የነበረ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነው። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ አዲስ አበባ ተገናኝተን አንድ ክፍል ተከራየን፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ትሪ በላን። እሱ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ባለ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን አታውቁትም። ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ነው፣ ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክሮፎን ይዞ ይቀመጥና በአማርኛ ይነግራችኋል። ደምሴ የገባውን ይተረጉማል፣ ያልገባውን ይፈጥራል። ሕዝቡ የሚወደው የሚፈጥረውን ነው። ፊልሙን ሳይሆን ደምሴን ለማየት ነበር የሚመጡት።

ያን ሳምንት ሰኞ ማታ እንዲህ አለኝ፦ “ወንድሜ፣ በዚህ ሳምንት እንዳትመጣ። ፊልሙ ቆሻሻ ነው፣ ሙት ከመቃብር ተነስቶ ሰው የሚበላበት። ላንተ አይሆንም።”

“እኔ ሙት እፈራለሁ እንዴ?” አልኩት።

“አይ፣ እንዲያው ነው” አለና መብራቱን አጠፋ።

ሐሙስ ጧት ነው ነገሩ የጀመረው። ሙደሲር የሚባል የስልጤ ልጅ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ሸክም ላይ አንደኛ ነው፣ ምላሱም ከጉልበቱ አያንስም። አንዱ ባልደረባችን ምሳ ሳይደርስ ዳቦ ሲገምጥ ያየውና፣ “ያ ተዝካሩን የበላው ሙት እንዳይሆን!” ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ።

“ምንድን ነው እሱ?” አልኩ።

“እንዴ ሃምሳ አለቃ፣ አላዩም? የጓደኛዎ ፊልም እኮ ነው! አንዱ ሙት ወታደር ነው፣ ተነስቶ ቤቱ ሲሄድ የራሱ ተዝካር ላይ ይደርሳል። ከለማኞች ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። ከዚያ ደግሞ ‘ነፍስ ይማር’ ይላል፣ ለራሱ! ሆዴን ይዤ ነው የወጣሁት ወላሂ።”

ጀርባዬ ላይ የነበረው ኩንታል ወደቀ። ጆንያው ተቀዶ ጤፉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኩንታል ጥዬ አላውቅም።

አሁን እንዳትደናገሩ ከሥሩ ልንገራችሁ። በ1976 ለብሔራዊ ውትድርና ተያዝኩ። ሚስት ነበረችኝ፣ የአንድ ዓመት ልጅም ነበረችን። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገበሬ ማኅበሩ ሞቷል ብሎ ለቤቴ መርዶ አስገባ። ማን እንደ ሞተና ስሜ እንዴት እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንደ ገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን በእግሬ አገሬ ገባሁ። ጢሜ ደረቴ ደርሷል፣ ቡትቶ ለብሻለሁ፣ አንድ እግሬ ላይ ብቻ ጫማ አለ። ቤቴ ስደርስ ዳስ ተጥሏል። የሰባተኛ ዓመት ተዝካሬ ነበር።

ደጅ ላይ ለማኞች ተሰልፈው ተቀምጠዋል። እኔንም አንዱ፣ “ተቀመጥ አባት” አለኝ፣ ተቀመጥኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሚስቴ አግብታለች። ያገባችው በቁርባን ነው፣ ከባሏ ጋር ሥጋ ወደሙ ተቀብላለች። ሰንጋውን ለነፍሴ የጣለው ያ ባሏ ነው። ለማያውቀኝ ለእኔ። ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ሌላ አግብታ ቆረበች ከተባለ ምን እንደሚከተል የክርስቲያን ልጅ ያውቀዋል፣ አላብራራም። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትወጣለች፣ ቤቷም ይፈርሳል።

የስምንት ዓመት ልጅ እንጀራ በወጥ ይዛ መጣች። በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

“አባት፣ ነፍስ ይማር በሉ።”

“የማንን ነፍስ ልጄ?”

“የአባቴን።”

ነፍስ ይማር አልኩ። በላሁ። እጇን ስሜ ወጣሁ። ወደ ኋላዬ አልዞርኩም።

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰማንያ ስድስት ላይ ተስቦ ይዞኝ ስቃትት ነው ለደምሴ የነገርኩት። የምሞት መስሎኝ የክርስትና ስሜን እንዲያውቅ፣ ቄሱ በትክክለኛው ስም እንዲፈታኝ። በማርያም ምሎ ነው የሰማኝ። እንደ ኑዛዜ ነው የሰጠሁት።

ታዲያ ኩንታሉን እዚያው ጥዬ የዘጠኝ ሰዓቱን ፊልም ልጠብቅ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ለራሴ ምክንያት እሰጣለሁ። ሊገጣጠም ይችላል፣ ፈረንጅም ተዝካር ይኖረው ይሆናል እላለሁ። ሰው ሲከዳ መጀመሪያ ለከዳው ሰው ነው ጠበቃ የሚቆመው።

ቪዲዮ ቤቱ ጨለማ ነው፣ መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል። ሰው በአግዳሚው ላይ ተጨናንቋል፣ የኦቾሎኒ ልጣጭ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ጆንያዬን እስከ ዓይኔ ስቤ መጨረሻው ላይ ተቀመጥኩ። ሙደሲርም ተከትሎኝ መጥቶ ኖሯል፣ አጠገቤ ተሸጎጠ። “እንዳያመልጥዎ ነው የመጣሁት” አለኝ።

ፊልሙ ጀመረ። መቃብሩ ይከፈታል፣ ሙታን ይወጣሉ። እጃቸውን አንጠልጥለው እየተጎተቱ በአንድ ላይ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። የደምሴ ድምፅ መጣ፣ ያ የለመድኩት፣ ማታ ማታ በጨለማ የሚያወራኝ።

“ክቡራን ተመልካቾች፣ እነዚህ ሰዎች ሞተዋል። ግን ማን ይንገራቸው? ቀበሌው ለስብሰባ ተዘግቷል።”

ሳቅ።

“ይሄኛው በመዋቅር ጥናት የተቀነሰ ነው። መቀነሱን እንጂ መሞቱን ገና አልሰማም፣ ቢሮ እየገባ ነው። ይሄን ደግሞ እዩት፣ እጁን ያወጣውን። ድጋፍ እየሰጠ ነው። ለምኑ እንደሆነ አትጠይቁት፣ እሱም አያውቅ።”

ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ እኔም ሳቅሁ። ተሰልፈው በር ላይ የሚቆሙትን ሙታን ሲያይ ከፊት አንዱ፣ “ይህማ የኛ ወረፋ ነው!” ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። እኛ የተበተንነው ወታደሮችም በሰማንያ ሦስት እንደዚያ ነበር አዲስ አበባ የገባነው፣ እየተጎተትን። ሰው በር ከፍቶ ዳቦ ወርውሮ ይዘጋብን ነበር።

ከዚያ አንድ ረጅም ሙት ብቻውን ከመንጋው ተለየ። የወታደር ካፖርት ለብሷል። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ደምሴ ማይክሮፎኑ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፦

“እህህ… እህህ…”

እኔ ከመናገሬ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ። ልማዴ ነው። ሙደሲር ዞሮ አየኝ። “ሃምሳ አለቃ፣ ሙቱ እንደ እርስዎ ነው የሚያስለው!”

ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ።

ሙቱ አንድ ቤት ደጃፍ ቆመ። በመስኮት ሰዎች ሲበሉ ያያል። ደምሴ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ የጎጃም አነጋገር ይናገራል፦ “እህህ… ይሄ ዳስ የማነው ጎበዝ? የማነው ተዝካሩ? የኔ ነው እንዴ? እሰይ፣ እንኳን ደረስሁበት፣ እርቦኝ ነበር!”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሁሉንም አወጣው። ዳሱን፣ ለማኞቹን፣ ሰንጋውን የጣለውን ባል። “ገዳይዬ፣ ሚስቴን ወሰድክ፣ ግን ሥጋው ለስልሷል” አስባለኝ። ነፍስ ይማር አስባለኝ። እንጀራ ይዛ የመጣችውን ልጅ አላስቀረም፣ ፊልሙ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ በሩን ስትከፍት፣ “አባት፣ ነፍስ ይማር በሉ” አስባላት። በቀጭን ድምፅ።

ከመካከል አንዱ፣ “ድገሚኝ ይላታል አሁን!” አለ። እንደገና ሳቅ።

እንጀራዋን የያዙት ትንንሽ እጆች በዓይኔ ይሄዳሉ፣ ሰው ይስቃል። መጨረሻ ላይ የከተማው ሰዎች ሙቱን ግንባሩን መትተው ጣሉት። ደምሴ፣ “በሉ፣ ተዝካሩን ሁለተኛ እንብላ!” ብሎ ዘጋ። ተጨበጨበ።

መብራት በራ። ያን ጊዜ ነው ከፊት አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ያየሁት። ያልሳቀው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ጋቢውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ነበር። ሲነሳ መልኩን አየሁ። ፈንታሁን ነው። የአገር ቤት የአጥር ጎረቤቴ። ያን ዕለት ተዝካሬ ላይ ሥጋ ሲያወራርድ የነበረው እሱ ነው። እህል ነጋዴ ሆኖ ከመኪና ጋር መመላለስ መጀመሩን አላውቅም ነበር።

ወደ በሩ ልሄድ ስል ሰው ገፋኝ፣ ከሙደሲር ጋር ወደ ፊት ተገፋሁ። ፈንታሁን ደምሴ ፊት ቆሞ ነበር።

“ጌታው፣ ይህን ታሪክ ከወዴት አመጣኸው?”

“ከፊልሙ ነው እንጂ” ቢለው ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነበር። ደምሴ ግን ደረቱን ነፋ፦

“የእውነት ታሪክ ነው አባቴ! ሰውዬው ዛሬም አለ! እዚሁ መርካቶ!”

ይህን ብሎ ቀና ሲል እኔን አየኝ። ማይክሮፎኑ ገና አልጠፋም ነበር፣ ሲተነፍስ በድምፅ ማጉያው ተሰማ። ፈንታሁን ዓይኑን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ። ጆንያውን ወደ ታች ሳብኩት። ዘገየሁ።

ፈንታሁን ወጣ። ሕዝቡም ወጣ። ሙደሲርን፣ “ሂድ” አልኩት። ፊቴን አይቶ ሄደ።

“ወንድሜ…” አለ ደምሴ።

“በማርያም ነበር የማልከው።”

“ስማኝ። ካሴቱ በማላውቀው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ እንኳ አይደለም! ሰኞ ዕለት አንድ ቃል ሳይገባኝ ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ፣ ልጣጭ ወረወሩብኝ። ያ ባለ አንድ ጫማ ሙት ደግሞ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። ያንተ ታሪክ በአፌ መጣ። ምን ላድርግ?”

“ሰኞ መጣ። ማክሰኞስ?”

ማይክሮፎኑን አጠፋ።

“ረቡዕስ?”

“ስምህን አልጠራሁም” አለ። “ማንም አላወቀህም። ደግሞ ሰው ወዶታል። እያለቀሱ የሚወጡ አሉ፣ በማርያም።”

“እሷን አትጥራ።”

“አንተስ እስከ መቼ ነው የምትደበቀው? ሰው ቢስቅ ምን አለበት? እኔም ስቄ ነው የኖርኩት።”

“ባንተ ሳቅ” አልኩት። “ልጄን በቀጭን ድምፅ አናገርካት።”

ትቼው ወጣሁ።

ፈንታሁን ከቪዲዮ ቤቱ አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ልለፈው ብል መንገዱ ጠባብ ነው።

“እንዴት ዋላችሁ” አለኝ በአንቱታ። “አንቱ የየት አገር ሰው ናችሁ?”

“ሰላሌ።”

“ሰላሌ ደግ አገር ነው።” መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። “በእኛ ቀዬ አንድ ተዝካር ነበር። አንድ ለማኝ መጥቶ በላና ሲሄድ የልጅቱን እጅ ስሞ አለቀሰ። ከዘመድ አብልጦ አለቀሰ። እኔ ሥጋ እያወራረድሁ አየሁት። ብዙ ጊዜ ማን ነው እላለሁ።”

“ለማኝ ሲጠግብ ያለቅሳል” አልኩ።

“ይሆናል።” ጋቢውን አስተካከለ። “ልጅቱ የፊታችን እሁድ ታገባለች። እናቷም ባሏም ደኅና ናቸው፣ ደጀ ሰላም አይጠፉም። እንዲያው ለማኙን የሚያውቅ ሰው ብትሆኑ ብዬ ነው። መኪናዬ ነገ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከእህል በረንዳ ባዶውን ይመለሳል።”

“ለማኝ ሰርግ ላይ ምን ያደርጋል?”

ፈንታሁን ያን ጊዜ ዓይኔን አየኝ። “ሰርግ ቤት ለማኝ ይመጣል። ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። በእኛ አገር ለማኝን ስምህ ማነው የሚል የለም።”

ጥሎኝ ሄደ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አሁን ለምን አወጣኸው ብትሉኝ፣ ያቺ ሴት ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ቀድሟታል። ከእንግዲህ የሚፈርስ ቤት የለም። ደምሴም ሞቷል። ከዚያ ቀን ወዲያ እስኪሞት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ክፍል ለይተን፣ በአንድ ሰፈር እየኖርን፣ በአንድ መንገድ እያለፍን። ቀብሩ ላይ ቆምኩ እንጂ አፈር አላለበስኩትም። ሰው፣ “ሙት ወቃሽ አያድርገኝ” ይላል። እኔ ራሴ ሙት ነኝና እወቅሰዋለሁ።

ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ እምረው ነበር። የቸገረኝ፣ ቀልዱን አውጡለትና፣ አንድም ነገር አለመሳቱ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ለእሷ ብዬ ነው የተደበቅሁት፣ ለቁርባኗ ብዬ ነው እል ነበር፣ ውሸትም አልነበረም። ያን ቀን ግን ከአግዳሚ ላይ ሆኜ ራሴን አየሁት። ደጃፍ ቆሞ፣ በልቶ፣ ፈርቶ የሄደ ሰው። ሌላው ሰው ሳቀ፣ እኔ አፈርኩ። ይህን ያሳየኝ የከዳኝ ሰው መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አመስግን ብትሉኝ አላመሰግነውም። ልጆቼ የምላችሁ አንባቢዎች፣ ሰው ሊሞት ሲል የነገራችሁ ነገር፣ ቢድንም የእሱ ነው። ለሳቅም ለለቅሶም አታውሱት።

ጧት በአሥራ አንድ ተኩል ተነሳሁ። ደምሴ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ነበር፣ አለመተኛቱን ከአተነፋፈሱ አውቃለሁ። ልብሴን በፌስታል አድርጌ ወጣሁ። እህል በረንዳ ስደርስ የፈንታሁን መኪና ሞተሩን አሙቋል። ፈንታሁን ከጋቢናው አየኝና ወደ ላይ በአገጩ አሳየኝ። ባዶ ጆንያው ክምር ላይ ወጣሁ። ሙደሲር ከታች ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ራሴ ላይ የደፋሁትን ጆንያ አውልቄ ወረወርኩለት፣ “ይጥቀምህ” አልኩት።

ያን ጊዜ ደምሴ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ስሜን ጠራ። የክርስትና ስሜን፣ በተስቦ ስቃትት የሰጠሁትን። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ። ጫኝና አውራጁ ሁሉ ቆሞ ማንን ነው ብሎ ይፈልጋል። እዚያ እንዲህ የሚባል ሰው አያውቁም።

“ማንን ነው የሚጠራው?” አለኝ ሙደሲር።

“እኔ እንጃ” አልኩት። “የሞተ ሰው ይሆናል።”

መኪናው ተነሳ።